የጫጩቶቹ ክፍል ሙቀት

መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ፣ አንድ ሰው ከያዘው ቀዳዳ ካርቶን ውስጥ የጫጩቶች ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ልጅ ሳለሁ ቱላ የነበረው ቤታችንና ለጫጩቶች የምናነጥፈው የሰጋቱራ ሽታ ትዝ አለኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው መቶ ጫጩቶች ተረክባለች። ብርድ ካገኛቸው ለነገ አይተርፉም። ክፍሉን ሊያይ የመጣው የዶሮ እርባታ ባለሙያ፣ ገና ወጣት ነው፣ አንድ የከሰል ምድጃ እየነደደ ቴርሞሜትሩን በራሱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አነበበ።

«እትዬ፣ ለዚህ ክፍል አንድ የከሰል ምድጃ ይበቃዎታል።»

እናቴ ሰጋቱራው ላይ በደረቷ ተኛች። ጉንጯን ከወለሉ አስጠግታ ጥቂት ቆየች።

«ልጄ፣ እነዚህ አንተ ትከሻ ላይ ነው እንዴ የሚያድሩት? ሙቀት እንደ ሹመኛ ነው፤ ታች አይቆይም። እስቲ ዝቅ በል።»

ባለሙያው ከት ብሎ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ያኔ አልገባኝም። ተንበርክኮ ቴርሞሜትሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ቆይቶ ሲያነበው ግን ሳቁ ጠፋ።

«ሁለት ምድጃ ያስፈልጋል» አለ።

«በሩን ከስር በጆንያ ከደፈንነው ሁለት፣ ካልደፈንነው ሦስት» አለች እናቴ። «የላይኛው መስኮት ግን ክፍት ይሁን፤ ከሰል ነው።»

በሩን በጆንያ ራሱ ባለሙያው ደፈነው። በማግስቱ ጠዋት ጫጩቶቹ አንድ ጥግ አልተከማቹም፤ ክፍሉን ሞልተው ይጭሩ ነበር። ቆጠርናቸው፤ መቶ ናቸው።

ዛሬ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ባለሙያ ጠይቄያለሁ። መለኪያው የት እንደተቀመጠ ሳላረጋግጥ ግን ቁጥሩን አልጽፍም።