ከስዕሉ ላይ የተቆረጠችው ልጅ

ዛሬ አንድ ድርጅት ኮልፌ ባዘጋጀው የሰፈር ስብሰባ ላይ የሳልኳትን ልጅ አስተባባሪው ዓይኔ እያየ በመቀስ ቆርጦ አወጣት።

ሥራዬ ሰው ሲናገር እየሰማሁ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት መሳል ነው፤ ማንበብ የማይችልም የተባለውን እንዲያይ።

ወይዘሮ አስቴር ተነስተው ልጃቸው ክዳን በሌለው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ገብታ እንደሞተች ተናገሩ። ሳልኳት።

«እህቴ፣ ይሄ ለሪፖርት ፎቶ ይነሳል። እሷን አጥፊና አበባ ነገር ሳይበት» አለኝ አስተባባሪው።

«አልስልም» ስለው መቀሱን አነሳ። (የድርጅቱ ሰዎች ቀዳዳው ላይ አርማቸውን ለጥፈው፣ ፈገግ ብለው ፎቶ ተነሱ።)

ወይዘሮ አስቴር ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ፈልገው «የኔ ልጅ፣ ልጄን የት አደረጋችኋት?» አሉኝ።

ቱቦው ዛሬም ክፍት ነው። ነገ እዚያው ቱቦው አጠገብ ባለው አጥር ላይ እስላታለሁ።

እናንተስ ስብሰባ ላይ ተናግራችሁ የተቆረጠባችሁ ምንድን ነው? ጻፉልኝ፤ አጥሩ ረጅም ነው።