ያልተፋቀ ቀለም

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የመኪና ኤሌትሪክ ለተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚጠቆመው የእኔ ጋራዥ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ጉረኛ ነበርሁ። «እኔ የሠራሁት መኪና ተመልሶ አይመጣም» እያልሁ በየሻይ ቤቱ እፎክራለሁ። የሚገርመው፣ እኔ ራሴ አምኜው ነበር።

የአብዮት በዓል ሳምንት ሲቀረው የአንድ መሥሪያ ቤት ካድሬ አሮጌ ጂፑን ከላይ እስከ ታች ቀይ አስቀባው። ለቀለም ቀቢው እንዲመች ባትሪውንና ገመዶቹን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ሲደርቅ መልሼ ያሰርሁትም እኔው። ሞተሩ ተነሣ፣ ጡሩንባው ጮኸ፣ እጄን ታጥቤ ሄድሁ።

በበዓሉ ቀን ጂፑ ሐይቁ ዳር ከተሠራው መድረክ አጠገብ ቆሟል። የድምፅ ማጉያው የሚሠራው ከጂፑ በተሳበ ኤሌትሪክ ነው። ካድሬው እጁን ወደ ላይ ሰንዝሮ መፈክሩን እንደ ጀመረ ድምፁ ድርግም አለ። አፉ ብቻ ሲከፈትና ሲዘጋ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ከሰልፈኛው ወደ ሰልፈኛው ተዛመተ። ሾፌሩ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ከጣና ማዶ የደልጊ ሰው፣ ደንግጠው ቁልፉን አዞሩ። መኪናው ትንፍሽ አላለም። መብራት የለ፣ ጡሩንባ የለ፣ ምንም የለ። ካድሬው ከመድረኩ ዘሎ ወረደና ሽማግሌውን በኮሌታቸው ጎትቶ አወጣቸው። በሽጉጡ እጀታ አፋቸውን መታቸው።

«አሻጥር ነው! ገመዱን ቁረጥ ብሎ የላከህ ማን ነው?» እያለ ጮኸ። በዚያን ጊዜ አሻጥር የተባለ ሰው ተመልሶ ቤቱ ላይገባ ይችላል። የሳቀው ሕዝብ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

እኔን ሁለት ታጣቂዎች ከነመሣሪያ ሳጥኔ ከቤቴ አንጠልጥለው ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ወሰዱኝ። ጂፑ ተገፍቶ እዚያ ቆሟል። ካድሬው የመሣሪያ ሳጥኔን በእርግጫ ገልብጦ ከውስጡ አንድ አሮጌ ቺንጋ መዘዘ፤ ሞተር ላይ የሚዞር የጎማ ቀበቶ ነው።

«የተቆረጠውን ገመድ ፈልገህ አምጣልኝ። እስከዚያ እሱን አናግረዋለሁ» አለና አጠገባችን ወዳለው የቆርቆሮ ክፍል ገባ።

በበሩ ክፍተት አየሁ፤ ሽማግሌውን ዘቅዝቀው ሰቅለዋቸዋል። ቺንጋው ውስጥ እግራቸው ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ጩኸት ወጣ።

ኮፈኑን ከፈትሁ። የሙከራ አምፖሌን ሁለት ሽቦዎች በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ሳስነካ ቦግ ብሎ በራ፤ ባትሪው ደህና ነው። ፊውዙም አልተቃጠለም። ገመዶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳበስሁ፤ የተቆረጠ የለም። «ኧረ በወላዲተ አምላክ! ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁም!» ይላሉ ሽማግሌው። ቺንጋው ይመለሳል። ጨነቀኝ፤ ተናደድሁ፤ መኪናውን በፒንሳ ቀጠቀጥሁት።

ከዚያ አንዱን ሽቦ ባትሪው ላይ እንደ ያዝሁ ሌላውን የመኪናውን ብረት አስነካሁት። ጨለማ። ሞተሩን አስነካሁት። ጨለማ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኤሌትሪክ ከባትሪው በገመድ ወጥቶ የሚመለሰው በመኪናው ብረት በኩል ነው፤ መመለሻው ከተዘጋ ሁሉም ነገር ባንዴ ይሞታል። ባትሪውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ገመድ ብሎን ፈታሁ። ከሥሩ ያ ቀይ ቀለም ተነጥፏል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ቀለም ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ገመዱ ሳምንቱን ሙሉ በብሎኑ ጥርስ ብቻ እየነካ ቆይቶ ነው የከዳው። ከማሰር በፊት ቀለሙን መፋቅ ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ቸኩዬ ዘልዬዋለሁ።

«እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፍቻለሁ። ቺንጋው እንደገና ሲጮህ ግን የራሴን ውስጥ እግር በላኝ፤ ፈራሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ያሳደገኝን ሁሉ እስከ ዛሬ እረግማለሁ።

ቀለሙን በካቻቢቴ ስፍቅ ስቼ መዳፌን ቀደድሁት። ደሙን ሳልጠርግ ብሎኑን አጠበቅሁና ጡሩንባውን ተጭኜ አልለቅም አልሁ። ግርፋቱ ቆመ። ካድሬው ላብ አጥምቆት ወጣ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እርጥበት ነው ጓድ። የጣና እርጥበት ብሎኑን አዝጎት ነው። የተቆረጠ ገመድ የለም።»

«እሱ እኮ ቆረጥሁ ብሎ አምኗል!»

«ይዩት ጓድ፤ ገመዱ ሙሉ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል በጥፊ አጮለኝ፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዘው ከበር ውጭ ጣሏቸው። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባም ስላለ ጫማውን ከኋላቸው ወረወሩላቸው።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌው ከባለቤታቸው ጋር ጋራዤ ድረስ መጡ፤ በሁለት ዱላ ነው የሚሄዱት። ያ እግር ከእንግዲህ ፍሬን አይረግጥም። ባለቤታቸው ደልጊ የተጠመደ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ይዘዋል። ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው ጉልበቴን ሊስሙ ወደቁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይነሡ! በሞቴ ይነሡ!» አልሁ።

«አንተ ባትደርስልኝ ሞቼ ነበር። እኔስ ሳልቆርጥ ቆረጥሁ ብዬ ለሞት ፈርሜ ነበር። በጭንቅህ ቀን አንተ እንደ ደረስህልኝ እግዜር ይድረስልህ፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው ዓሣውን እጄ ላይ አስቀምጠው አለቀሱ። ሁለቱም ፊት ፊቴን ያያሉ።

«አሜን» አልሁ።