በጋሽ ከማል ማሳ የሚያልፈው ቦይ

ልጅ ሳለሁ በአፈር እቀና ነበር። ሌሎች ልጆች በጫማና በቀሚስ ሲቀናኑ እኔን ዕንቅልፍ የሚነሳኝ የጓደኛዬ የሩቂያ ቤተሰብ ከወንዙ ዳር የነበረው መሬት ነው። ያኔ የምንኖረው ከጅማ ወደ የቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቡና ከሸፈነው ዳገት ሥር፣ ወንዙ በየክረምቱ ከዳርቻው እየወጣ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ ከደቡብ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። መሬት ለአራሹ ታውጆ የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል የሩቂያ አባት ጋሽ ከማል ድሮም በጭሰኝነት ያርሱት የነበረውን የወንዝ ዳር ይዘው ቀሩ፤ ለአባቴ ከእሳቸው ኋላ ያለው ዝቅ ያለ ቦታ ደረሰው። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው መቶ እርምጃ አይሞላም፤ አፈራቸው ግን የአንድ አገር አፈር አይመስልም ነበር።

የነሱ ቡናማ ነው። ሲጨብጡት ይሰበሰባል፣ በጣት ሲነኩት መልሶ ይፈርሳል፣ በመዳፍ ሲያሹት ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ይኮሰኩሳል። ዝናብ ቀኑን ሙሉ ወርዶበት በማግስቱ ጠዋት በባዶ እግር ቢሄዱበት ጭቃ አይዝም፤ ውሃውን ቁልቁል ጠጥቶ ይጨርሰዋል። በጋ ላይ ደግሞ አይሰነጠቅም። ድንጋይ የሚባል ነገር ስለሌለበት የበቆሎው ሥር እንዳሻው ወደ ታች ይወርዳል፣ አገዳውም ከኛ በቆሎ በአንድ ክንድ ይበልጣል። የኛው ጥቁር ዋልካ ነበር፤ በክረምት እግር ውጦ የሚያስቀር፣ በበጋ የልጅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት። እናቴ ከእርሻ ስትመለስ ጭቃውን ከእግሯ ላይ በእንጨት ስትፍቅ ባየሁ ቁጥር፣ የሩቂያ እናት እግሯን ሁለቴ አራግፋ ቤት የምትገባው ትዝ እያለኝ እናደድ ነበር።

ያኔ በሳምንት ሁለት ምሽት ትልልቆቹ ሁሉ ለማኅበሩ ስብሰባ ይወጣሉ፤ መቅረት ያስጠይቃል። እኛን ልጆቹን የሚይዙን በእርጅናቸው ከስብሰባ ነፃ የተደረጉት የሩቂያ አያት፣ አባ ዲጋ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ያቀጣጥላሉ፣ ፍሙ ዙሪያ እሸት ይደረድራሉ፣ ኩራዙን ከበሩ ምሰሶ ላይ ይሰቅላሉ። ጭሱ ትንኙን ያባርርልናል፤ እኛንም ያስለቅሰናል። ከዚያ ተረት ይጀመራል፤ የአባ ዲጋ ተረት ደግሞ የሚወጣው ከመሬታቸው ውስጥ ነበር። ወንዙ የማሳቸውን ዳር ገምሶት ስለነበር ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግድግዳ ተፈጥሯል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ነው፤ አንዱ አሸዋ የበዛበትና የነጣ፣ አንዱ ጠቆር ያለና ልም፣ አንዱ ጣት የማይሞላ፣ አንዱ ክንድ የሚያህል። እያንዳንዱ መስመር ወንዙ በአንድ ክረምት አምጥቶ የጣለው ነው።

«ኢጆሌ፣ ዛሬ የትኛውን ልንገራችሁ?» ይላሉ፤ ልጆች ማለታቸው ነው።

መራጯ ሁልጊዜ ሩቂያ ነበረች። አያቷ ጭን ላይ ጋደም ብላ «ከላይ አራተኛውን» ስትል የአራተኛው መስመር ዘመን ይተረካል፤ ወንዙ የሙሽራ ሳጥን ከነቁልፉ ይዞ የመጣበት፣ አለዚያም በጎርፍ የተወሰደች በቅሎ ከነጭነቷ በሦስተኛው ቀን ሣር ስትግጥ የተገኘችበት፣ ጅብና ፍየል አንዲት ጉብታ ላይ ተጠግተው ሳይነካኩ ያደሩበት። እሰማለሁ፣ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ፤ ግን በመሃሉ ዓይኔ የሩቂያን ፀጉር የሚዳብሱት ሽማግሌ ጣቶች ላይ ያርፋል። የኔ አያቶች ሩቅ አገር ናቸው፣ ድምፃቸውንም አላውቀውም። እሷ ግን አያትም አላት፣ አፈርም አላት፣ አፈሯም ተረት አለው። አባቴ የቤቱን ምሰሶ ሲተክል የቆፈረው የኛ ጉድጓድ ከጉልበት በታች አንድ ዓይነት ግራጫ ብቻ ነበር፤ እዚህም እዚያም የዛገ ሚስማር የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት፣ የቆመ ውሃ የሚሸት።

አንድ ምሽት አላስችል አለኝና «አባ ዲጋ፣ የኛ አፈርስ ተረት የለውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሩቂያ ቀና ብላ «የእናንተማ ጭቃ ነው! ጭቃ ደግሞ ምን ተረት አለው?» አለችና ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ።

አባ ዲጋ «ሜ፣ ተዉ!» ብለው ተቆጧቸውና አንድ ጠርሙስ አስመጡ። ከሁለቱም ማሳ አፈር ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው፣ ናጡትና ከኩራዙ ፊት ያዙት። አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ወረደ፤ ደቃቁ ግን እንደደፈረሰ ቀረ። «ወንዙም እንዲሁ ነው» አሉኝ። «ከዳርቻው እንደወጣ ይደክመዋል፤ ከባዱን አሸዋ እዚሁ ከማል ደጅ ይጥላል። ደቃቁን ተሸክሞ እናንተ ዘንድ ይደርስና እዚያ ጋደም ብሎ ያስቀምጠዋል። ወላሂ፣ ሁለቱም ያው የአንድ ወንዝ ልጆች ናቸው።» እኔ የፈለግሁት ይህን አልነበረም። የፈለግሁት ተረት ነበር፣ ቢቻል ከሩቂያ የሚበልጥ።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጋሽ ከማል የበርበሬ ችግኝ ካዛወሩ ሁለት ቀናቸው ነው። በማሳቸው መሃል ወደ ወንዙ የሚወርድ ቦይ አለ፤ እኔ ያኔ መሬታቸውን የሚያደርቅላቸው እሱ ይመስለኝ ነበር። የወደቀ የሙዝ ግንድ ጎትቼ ቦዩ ውስጥ ከተትኩ፣ በሣርና በጭቃ ደፈንኩት፣ በእግሬ ረገጥኩት። ዝናቡ ሲመጣ ከዛፍ ሥር ቆሜ ውሃው ከቦዩ ሞልቶ በችግኙ ላይ ሲሰራጭ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ። ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ በልጅነቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ማንም ሳይነሳ ሄጄ አየሁ። ውሃ የለም። አፈሩ ሌሊቱን ጠጥቶት አድሯል፤ ችግኞቹ ቅጠላቸው ላይ ስስ ደለል እንዳለ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዞር ስል የኛ ማሳ ኩሬ ሆኗል፤ ከበቆሎው የሚታየው ከወገቡ በላይ ነበር።

አባቴ ቦዩን ተከትሎ ወጥቶ የሙዙን ግንድ አገኘውና ነቀለው። ላዩ ያለው ውሃ ወረደ፤ ዋልካው ውስጥ የገባው ግን ከሳምንት በላይ ቆየ። በቆሎው ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ መጣ፣ ሥሩ ሲነቀል ጠቁሮ ይሸት ነበር። አንድ ቀን እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ «ይህን ቦይ እኮ ከማል ነው ከጥሩ መሬቱ ቆርሶ ለኛ የቆፈረልን፤ እሱ ምን ቸግሮት ቦይ ይቆፍራል? እንዴት መልሶ ይዘጋዋል?» ስትል ሰማኋት።

አባቴ «ሰው ይለወጣል» አላት። «ከሱ ማሳ መሃል ገብቶ ማን ይዘጋዋል?»

የዘጋሁት የኛኑ ቦይ ነበር። ነገሩ ከአባቴ አፍ ወጥቶ ወደ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ፤ የሌላውን ምርት ሆን ብሎ ማበላሸት ያኔ ስሙ «አሻጥር» ነበር፤ አሻጥር ደግሞ ያሳስራል። ሐሙስ በስብሰባው ላይ የጋሽ ከማል ጉዳይ ይታያል ተባለ።

ሐሙስ ምሽት አባ ዲጋ እሳቱን አነደዱ፣ እሸት ግን አልደረደሩም። የትኛውን ብለውም አልጠየቁን። ሩቂያ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ «አያቴ፣ አባቴን ያስሩታል?» አለቻቸው። እሳቸው ፍሙን በእንጨት ነካኩ። ያን ጊዜ ሳላስበው «እኔ ነኝ» አልኩ። «ችግኛችሁ እንዲሞት ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሩቂያ ቀና ብላ አየችኝ። አባ ዲጋ ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። «ያ ኢንታላ» አሉኝ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «ለኔ መንገር አይበቃም። ነዪ፣ እጄን ያዢኝ።»

ከማኅበሩ የቆርቆሮ አዳራሽ ስንደርስ ጋሽ ከማል ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ፊት ቆመዋል። አባቴ ይናገራል። አባ ዲጋ በበትራቸው ወለሉን መቱና «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህችን ልጅ ስሟት» አሉ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አላስታውስም፤ ግንዱን፣ ሣሩን፣ ረግጬ መድፈኔን ነገርኳቸው።

ሊቀመንበሩ «ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

«ማንም። ቀንቼ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ ከማል «ልጅ ናት፣ ይለፏት» ብለው ኮፍያቸውን ደፉ። ሊቀመንበሩ አባቴን ክፉኛ ገሥጾት ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

በቆሎው አልዳነም። በሱ ፈንታ ጋሽ ከማል ያመጡልንን ጎደሬ በመደብ በመደብ ተከልን፤ ጎደሬ እርጥብ ይወዳል፤ ዓመቱን እሱን ስንበላ ከረምን። ሩቂያ እስከ መስቀል አላናገረችኝም። አባ ዲጋ ግን አንድ ቀን የኛ ማሳ ድረስ መጥተው አካፋ አስያዙኝና ግራጫው ውስጥ ቁልቁል የሚወርዱ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች አሳዩኝ። የሣር ሥር አየር ያስገባባቸው መንገዶች ናቸው አሉኝ፤ ውሃ ውስጥ ታፍኖም ቢሆን የሚተነፍስ ነገር አለ። የኛ አፈር ተረት ያ ነበር መሰለኝ፤ አጭር ነው፣ በቅሎም ሙሽራም የለበትም። ተቀበልኩት ማለት ግን አልችልም፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በወንዙ ዳር ሳልፍ ዓይኔ ወደዚያ ግድግዳ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ አብሮኝ ያረጀው ግን ከስብሰባው ወደ ቤት የተመለስንበት መንገድ ነው። አባቴ ፋኖሱን ይዞ ከፊቴ ይሄዳል፤ እኔ የምገረፍበትን ቦታ እየገመትኩ እከተለዋለሁ። እሱ ሰው ሲከሰስ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ደርግ የጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ አብረውት ይጸልዩ ከነበሩት ታስረው ያልተመለሱ ነበሩ። ከድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ቆመና ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀመጠው። ፊቱ አይታየኝም፣ ብርሃኑ እግሩ ላይ ነው።

«እኔም እኮ ቀንቼ ነበር» አለኝ። «መሬቱ ከተከፋፈለ ቀን ጀምሮ። ባልቀና ኖሮ ከማል ዘጋው ብዬ አላምንም ነበር። ያን ሰው ላሳስር ነበር፣ ልጄ ምሕረት።»

ዛሬም አባቴን ሳስብ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይቀርና እዚያ ድልድይ አጠገብ ለአሥር ዓመት ልጁ የሆዱን የተናገረው ሰው ይመጣብኛል። ፋኖሱን አነሳ፣ በሌላው እጁ እጄን ያዘኝ፤ ሁለት ቀናተኞች ጭቃውን እየረገጥን ወደ ቤታችን ገባን።