ይቅር ተብላ የታሰረችው ልጅ

ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ፖሊሶች የያዙኝ አስተምሬ ከክፍል ስወጣ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ቅስቀሳ ተብሎ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ያለው የሴቶች ክፍል አንድ ብቻ ነው። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር። ጥግ ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አልኳት።

"ስምንተኛ፣ ቲቸር።"

መምህር መሆኔን ያወቀችው እጄ ላይ የቀረውን ጠመኔ አይታ መሰለኝ።

የአንጋጫ ልጅ ናት፤ ሆሳዕና አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። የውሃ ወረፋ ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልታ፣ የወረወረችው ድንጋይ የልጅቷን ዓይን መታ። "ላስፈራራት ብዬ ነበር" አለችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የተመታችው ልጅ እናት መጣች። ልትሳደብ ነው ብዬ ፈራሁ። ከኋላዋ የታሳሪዋ አባትና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ቆመዋል።

"ታርቀናል" አለችው የጣቢያውን ኃላፊ። "ዓይኗ ይድናል ብሎናል ሐኪሙ። ይቺ ልጅ ከትምህርት መልስ እኔ ቤት እየመጣች ልጄን ታግዝልኝ። ውሃ ትቅዳ፣ ደብተሯን ታንብብላት። ሽማግሌዎቹም ይከታተሏታል። እዚህ ምን ትማራለች?"

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን አሸ።

"እናቴ፣ መዝገብ ተከፍቷል። ከእኔ እጅ ወጥቷል።"

"የከሰስኩትም እኔ፣ የማርኩትም እኔ።"

"ቢሆንም።"

አልተከራከረችም። ከፌስታል ቆጮና ጎመን አውጥታ በራችን ድረስ መጣች። ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ታሳሪዋ ልጅ አፏን አልከፍት አለች። ሴትዮዋ ግን እጇን አላጠፈችም። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በመጨረሻ ልጅቷ እያለቀሰች ጎረሰች።

እኔ ብዙ ሳልቆይ ተፈታሁ። እሷን ከትልልቅ ሴቶች ጋር ወደ ማረሚያ ቤት ወሰዷት። የተመታችው ልጅ ዓይን ድኖ፣ ትምህርት ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ታሳሪዋ ገና እዚያው ነበረች። ስትወጣም ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ አዲሎ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ መኪና ስጠብቅ አገኘኋት። ከሾፌሮች ጋር ጮክ ብላ ትስቃለች። ስታየኝ ሳቋን አቋርጣ ወደ እኔ መጣች።

"ነይ አብረን ወደ ሆሳዕና እንሂድ" አልኳት። "ያቺ ያጎረሰችሽ ሴትዮ ዛሬም ስላንቺ ትጠይቃለች።"

"አውቃለሁ ቲቸር" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሷ የምትጠብቀው ግን የድሮዋን ልጅ ነው።"

አሁን አሁን በየስብሰባው፣ ጥፋት የሠሩ ልጆች ከሚታሰሩ በቤተሰብና በሽማግሌ ይታረሙ ሲባል እሰማለሁ። ከሰው ጋር አጨበጭባለሁ። ያቺን ልጅ ሳስብ ግን እጄ ቶሎ ይዝላል።