እህቱ የመረጠችለት ካምሻፍት

ባለፈው ሰሞን አንድ የወረኢሉ ወጣት ስልኩን ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመፍቻዎቹ መሃል አስቀምጦ ድምፅ አሰማኝ። ቆሞ የሚሠራ መኪና ድምፅ ነው። ሞተሩ በእኩል አይመታም። ዱብ፣ ዱብ ይልና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ቆም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል። «የኔም እንዲህ እንድትል ነው የምፈልገው» አለኝ። መኪናው ቱርቦ አላት፤ የምትሄድበት መንገድ ደግሞ የእኛው ዳገት ነው። እንዲህ የሚያሰማው ካምሻፍት ለዚያ እንደማይሆን በአጭሩ ነገርኩት። ቅር ብሎት ስልኩን አንስቶ ሄደ። ከሄደ በኋላ ፊቴ ጋለ። አንድ ነገር የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ። በጆሮዬ የቀረችው የጋሼ ሰይድ ነጭ መኪና ነበረች።

ጋሼ ሰይድ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ እኔ ያደግሁት መካነ ሰላም፣ እሱ ዘንድ ነው። ግቢው ግማሹ መኖሪያ፣ ግማሹ ጋራዥ ነበር። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ዝናብ ሲመታው ቀለማት ያሉት ውሃ በደጃፋችን ይወርዳል። ብሎኖቹ በየመጠናቸው በወተት ዱቄት ጣሳ ተቀምጠዋል። አንቴናው ተሰብሮ ሽቦ የታሰረለት ቴፕ ከመስኮቱ ላይ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ጋሼ ሰይድ ከሰማያዊ ቱታው የደረት ኪስ ማበጠሪያ አይለየውም፤ እጁን በአሸዋና በሳሙና ዱቄት ፈትጎ ታጥቦ ሲያበቃ ፀጉሩን ሳያበጥር ሰው ፊት አይቀርብም።

ነጯ መኪና አሮጌ አውቶሞቢል ነበረች። በጭስ ግፊት ዞሮ ለሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ከሌላ ከተጣለ ሞተር ፈትቶ፣ ቧንቧውን ከጓደኛው ከብየዳ ሠራተኛው ከታደሰ ጋር አጣጥፎ፣ ራሱ ነው የገጠመላት። ሠርግ ሲኖር ሙሽራ ያጓጉዝባታል፤ ሌላውን ቀን ወደ አቀስታና ወደ ወረኢሉ በኮንትራት ትሄዳለች። ዳገት ላይ ቱርቦው ማፏጨት ሲጀምር ብርድም ቢሆን መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ተሳፋሪው እንዲሰማ ነው።

ከዚያ ካምሻፍቷ ተበላ። ካምሻፍት ማለት እንቁላል መሰል ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው። እየዞረ ቫልቮቹን በተራ በተራ ይከፍታል፤ ሞተር መቼና ምን ያህል እንደሚተነፍስ የሚወስነው እሱ ነው። አርብ አርብ እናቴ ስትደውል ነገራት። «ለቱርቦ የሚሆን፣ ለስለስ ያለውን» አላት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

ዕቃው ከጅዳ በተመለሰች የሰፈራችን ሴት ሻንጣ፣ በሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ጋሼ ሰይድ እጁን ታጥቦ ከፈተው። የዘይት ወረቀቱ ሲገለጥ ጉብታዎቹ እንደ መስታወት አበሩ። አውራ ጣቱን በያንዳንዱ ላይ አሳልፎ፣ ደገመና ከመጀመሪያው ጀመረ። እናቴ ስትደውል የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሁላችንም አሰማን።

«ደረሰልህ?»

«ደረሰ። ክፉ አይንካሽ።»

«ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ እንደው ቅጥነቱ የሚያሳፍር ነው! እዚህ የቤቱ ልጅ መኪና ስትነሳ ግቢው ይንቀጠቀጣል። እንደሷ የሚያሰማውን ስጠኝ አልኩት። ወንድሜ ከማን ያንሳል?»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አላት። ውሸት አልነበረም።

ስልኩ እንደተዘጋ ታደሰ ዘንጉን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። «ሰይዶ፣ ይሄ የእሽቅድድም ነው። በቱርቦ ላይ፣ ያውም በዚህ ዳገት?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አይሆንም በላታ!»

«እንዴት ብዬ? ሰው አገር ቆማ የመረጠችልኝን? ለእረፍት ስትመጣ ድምፁን ትስማው። ስትሄድ አወጣዋለሁ። አብሽር።»

ነገሩ የገባኝ ኋላ ራሴን ሳስተምር ነው። ያ ዘንግ ማስገቢያውንና ማስወጫውን ቫልቭ አብረው ለረጅም ጊዜ ክፍት ያቆያቸዋል። ሞተሩ በኃይል ሲሽከረከር ይጠቅማል። በዝግታ ዳገት ሲወጣ ግን የገባው አየር ሥራ ሳይሠራ ይሾልካል፤ የተቃጠለው ጭስ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቱርቦውም የሚያዞረው አጥቶ ይተኛል። አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ይብሳል። ለኛ መንገድ የሚሆነው ያ ቅጥነቱ የሚያሳፍረው ነበር።

እናቴ ከዒድ በኋላ መጣች። ደሴ ድረስ ሄደን ተቀበልናት። አባያዋ ዑድ ዑድ ይላል፤ እኔን አቅፋ ከለቀቀችኝ በኋላ እንኳ ሽታው ልብሴ ላይ ቀረ። ከፊት ተቀመጠች። ጋሼ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ቆም። እናቴ መዳፏን ከፊቷ ባለው ዳሽቦርድ ላይ አሳርፋ ሳቀች። «ሰማሁት! ይኸው ነው!» እሱ ፈገግ ብሎ መንገዱን አየ።

ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። አቀስታ ሳንደርስ ባለው ዳገት ግን አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ማዝገም ያዘ። ጋሼ ሰይድ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሯ አቃሰተች። ቤንዚን ቢሰጣትም አታነሳም፤ የፍሪሲዮን ሽታ ጉሮሯችንን ያዘ፤ ቆመች። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስም ቆሞ ተሳፋሪው ወረደ። ከመሃላቸው የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ።

ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ረመዳን ካለቀ ስንት ጊዜው! መኪናህ ዛሬም ፆመኛ ናት እንዴ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። «በሉ ገፋ በሉ! ገፋ በሉ!»

የሚኒባሱ ሾፌር ሞተር የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ኮፈኑን አስከፍተው፣ መኪናዋን አስነስተው ጥቂት አዳመጡ። «ካምሻፍት ለውጠሃል። ይሄን የመረጠልህ ደንቆሮ ማን ነው?»

የእናቴ መስኮት ክፍት ነበር። ጋሼ ሰይድ ወደ እሷ አልዞረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔው ራሴ ነኝ የመረጥኩት።»

«አንተ? መካኒኩ?»

«እኔ።»

ሳቁ ከፊተኛው በረታ። እናቴ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች፤ አባያዋን ሰብስባ ወደ ኋላ ዞረች። «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ» አሏት አስተማሪዬ። እሷ ግን ከጎናቸው ቆማ መግፋት ያዘች። እኔ ከኋላ ወንበር ሻንጣዎቹ መሃል ነበርኩ። በኋላው መስታወት የአስተማሪዬና የእናቴ ፊት ጎን ለጎን ሆኖ፣ ሲገፉ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ትክክል ወደኔ መጣ። ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተኛሁ። በማን እንዳፈርኩ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

በማግስቱ እናቴ ግቢው ውስጥ አጠገቡ ቆመች። «ሰይድ፣ አውጣው።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

«ሞተሯ አልለመደችውም እንጂ እሱስ ምንም አይልም። ትንሽ ማስተካከል ነው የቀረው።»

እናቴ ወደ ጅዳ እስክትመለስ ድረስ ያቺ መኪና ዳገት ባየች ቁጥር ትገፋ ነበር። እናቴ በሄደች ሰሞን ካምሻፍቱን አውጥቶ ከወዳደቀ ሞተር ያገኘውን ለስላሳ ገጠመላት፤ እንደ ድሮዋ እያፏጨች ወጣች። የተለጠፈበት ስም ግን አልለቀቀውም። ልጆች ባለፈ ቁጥር «ገፋ በሉ!» ይሉታል። ሠርግ ያላቸው ሰዎች «ሙሽራ እንግፋ እንዴ?» እያሉ ወደ ሌላ ሄዱ። ታደሰ እውነቱን ልንገር ባለ ቁጥር ይቆጣው ነበር። በልጆቹ ግን አይቆጣም፤ ሰላምታ እንደሰጡት ሁሉ እጁን ያነሳላቸዋል። እኔ ከሱ ጋር በዋናው መንገድ መሄድ ትቼ በወንዙ በኩል መዞር ጀመርኩ።

ጋሼ ሰይድ ወደ አኼራ ከሄደ ቆይቷል። ጋራዡን እኔ ይዤዋለሁ፤ እናቴም ጠቅልላ ገብታለች። ዘንድሮ ከአጥሩ ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ልሰቅል ቀለም ቀቢ አመጣሁ። ማን ብዬ ልጻፍ ሲለኝ ያሰብኳቸውን ጥሩ ጥሩ ስሞች ዘረዘርኩለት። እናቴ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ገፋ በሉ ብለህ ጻፍ» አለችው።

ቀቢው ሳቀ። እሷ ስላልሳቀች አቆመ።

«እማ፣ ስድብ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። የኔ ነው።» የቀረውን ልብስ ገመዱ ላይ ዘርግታ፣ ባዶውን ሳፋ ይዛ ገባች።

ቀቢው ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ እንደነከረ ይጠብቀኝ ነበር። ፊቱን ሳላይ «ጻፈው» አልኩት።