ዳማን ማጥባት ያሳየቻት አራስ

ስሜነሽን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ላሊበላ ሎጅ ውስጥ ዘበኛ ነበርኩ፤ በወንጭፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም፣ ጋሸና ድረስ ጠይቁ። እሷ የኩልመስክ ልጅ ናት። ኢህአዴግ ገብቶ ፈረንጅ መመላለስ ሲጀምር አንሶላ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ግቢው ውስጥ ለእንግዳ መታያ፣ በሽቦ ቤት የምትኖር ጭላዳ ዝንጀሮ ነበረች፤ ወልዳ ሞተች። ልጇን ስሜነሽ በጡጦ አሳደገቻት፤ ዳማ አለቻት። ዳማ ገደል አታውቅ፣ ዘመድ አታውቅ።

ኋላ ውሻ የነከሰው ወንድ ጭላዳ ከሙጃ አምጥተው ቀላቀሉላት። የሙጃ ብርድ እንኳ፣ እኔን ነው የማይደፍረኝ እንጂ፣ በቅሎ ይገላል። ብቻ ዳማ አረገዘች። ስሜነሽም አርግዛ ነበር፤ ቀድማ ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቷ ክርስትና ሳይደርስ ዳማም ወለደች።

ጠዋት ብደርስ ልጇን በእግሩ አንጠልጥላ ታየዋለች፣ መሬት ታስቀምጠዋለች፣ ትሸሻለች። ማጥባት የሚባል አታውቅም። ልናወጣው ስንል ከንፈሯን ገልብጣ ጥርሷን አሳየችን። ጅብ በዱላ የመለስኩ ሰው ነኝ፤ አልገባሁም። ከቀትር በኋላ የልጁ ድምፅ እየቀጠነ መጣ።

ሄጄ ከአራሷ ከስሜነሽ ደጅ ቆሜ ነገሩን ብናገር፣ ልጄን እያጠባሁ ላሳያት ብላ ተነሳች። አማቷ እማማ አመተ ጊዮርጊስ በሩን ያዙ።

«ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ለዝንጀሮ ልታሳዩ ነው? አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ ወሬ አመላላሽ?»

«እትዬ፣ ልጁ ሊሞት ነው።»

«እማማ፣ ዳማ እናት የላትም፤ ማን ያሳያት?» አለች ስሜነሽ ከውስጥ። ተከናንባ፣ እንደ አራስ ደንብ ቢላዋ ይዛ፣ ልጇን አቅፋ ወጣች። እማማ እየተራገሙ ተከተሉ።

ሽቦው ሥር ቁጭ አለች። ዳማ እጇን አሾለከችና የሕፃኗን እግር ጨበጠች። ብትስባት አለቀ። ወንጭፌን ያዝኩ፤ ግን በየት በኩል ልወርውር? ስሜነሽ አላስለቀቀቻትም። ጡቷን አወጣችና ልጇን አጠባች። ዳማ አየች፣ አየችና ለቀቀች።

ልጇን አነሳች፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች። ስሜነሽ የራሷን ልጅ ከጡት ነቅላ ዘቅዘቅ አደረገቻት፣ መልሳ አቃናቻት። ዳማም ልጇን አገላበጠች፣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጡቱን ፈለገ፣ አጣ፣ ደግሞ ፈለገ።

ያዘ።

ስሜነሽ ልትነሳ ስትል እማማ ትከሻዋን ተጫኗት። «አትነሺ፤ አንቺ ከተነሳሽ ትጥለዋለች» አሉ። ነጠላቸውን ገፈው ከፀሐይ ጋረዷት፤ አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ይዘን ቆምን።