ለማን ነበር የተነሣነው?

የቅበላው እሁድ ነው... ከቅዳሴ መልስ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሁልጊዜ የምንበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠናል። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። አብዛኞቻችን ነጠላችንን እንኳ አላወለቅንም።

በሩ ተከፈተና ኮፍያ ያደረገ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት ፈረንጅ ገባ። ከኋላው ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ጋሼ ደምሴ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። እንደ ወጉ «ኖር!» ብለን ቤቱ ሙሉ ብድግ አልን።

ፈረንጁ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ...

ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ ስትጨርሱ ይገባችኋል። ከደቡብ አሜሪካ የወጣ ኳስ ተጫዋች ነበር። ኳሷ ግራ እግሩ ላይ የተሰፋች ነበር የምትመስለው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ግን እሱ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም በቴሌቪዥን አየችውና «ምስኪን... እናቱ እያየችው ይሆን?» ብላ አማተበችለት።

ሳተው። ያን ቀን እሷ እራት አልበላችም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ የመባረር ታሪክ ነው። አንዱ ሲያሰናብተው ሌላው ይቀጥረዋል፤ ግን ክለቡ እያነሰ፣ አገሩ እየራቀ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ልጅ ሆኖ የተጫወተበት ክለብ ወሰደው። እሱንም ይዞ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ድሮ በትከሻቸው ተሸክመው የጨፈሩለት ሰዎች ሲተፉበት ቪዲዮውን አይቻለሁ።

ሶ... ይሄ ሰው ነው የተነሣንለት የመሰለው።

በየጠረጴዛው እየዞረ ሰውን መጨበጥ ጀመረ። ጋሼ ደምሴ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። አጠገቤ የነበረው ተፈራ፣ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ፣ በክርኑ ጎሰመኝ።

«ሰውዬው ለምርጫ ነው እንዴ የሚወዳደረው?»

«ዝም በል! ትልቅ ተጫዋች ነበር። አሁን አሰልጣኝ ነው።»

«ታዲያ ንገረዋ! ለሽማግሌው ነው የተነሣነው በለው።»

እኔ ግን ጋሼ ደምሴን ደግፌ አስቀመጥኩና ነገሩን በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሰውየውን ትክ ብለው አዩት።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ለእኔ በየሳምንቱ ትነሡልኝ የለ?»

እኔ ጋ ሲደርስ ስሙን ጠርቼ ጨበጥኩት። እጄን አልለቅ አለ። እንግሊዝኛው ከእኔ አይሻልም፤ በዚያው ተግባባን። የሚኖረው እዚሁ አቅራቢያ ፓልምስ የሚባል ሰፈር፣ ልጁ ቤት ነው። የመጣውም እሷ ያዘዘችውን ምግብ፣ ቴክአውት፣ ወደ ቤት ሊወስድ ነበር።

«አንድ ክለብ ጠርቶኛል» አለኝ። «ትንሽ ነው፣ ሩቅ ነው። ሐኪሙ ልብህ አይችልም ይለኛል። ልጄ ደግሞ በቃህ፣ ማንም አያስታውስህም ትለኛለች። ነገ እምቢ ልላቸው ነበር።»

«አሁንስ?»

ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና ፈገግ አለ። «አሁንማ አየህ!»

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር... እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ለልጁ በቪዲዮ ደወለ። ካሜራውን ወደ ሰዉ እያዞረ በቋንቋቸው ሲያወራ ቆየና ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። ልጅቷ ሕፃን ታቅፋለች።

«ሰር፣ እውነት ነው? ይሄ ሁሉ ሰው ለአባቴ ነው የተነሣው?»

እሱ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«የስ» አልኳት። «ሁላችንም ተነሥተናል።»

«ኦኬ» አለች። ደስ ያላት አልመሰለኝም። ስልኩን ዘጋችው።

ሁላችንም ተነሥተን የለ? ምኑ ነው ውሸቱ?... እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ። ቁርባን ተቀብሎ በወጣ አፍ።

ሰውየው ምግቡን ተቀብሎ ሲወጣ ተነሥተን ሸኘነው። ተፈራም ሳይቀር ተነሣ። ይሄኛው እውነትም ለእሱ ነበር። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ስለነበር አላየም።

ሥራውን ተቀበለ። ፋሲካም አለፈ። ትናንት ሳንታ ሞኒካ፣ የምሠራበት ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ስልኬን ስከፍት ዜናውን አገኘሁት። አሰናብተውታል። ፎቶው ላይ ሁለት ሰዎች ደግፈውት በስታዲየሙ የጎን በር ሲወጣ ይታያል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። እኛ ጋ በሩ ላይ እንዳደረገው... የአሁኑ ግን ምስጋና አይደለም።

ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ነው? ወይስ ባለቤቴ ያማተበችለት ሰው እጄን ስለያዘ፣ እንዳይለቀኝ ብዬ? ማታ ለጸሎት ስቆም ይሄን ነው የምጠይቀው። ስሙንም ከእሷ ስም ቀጥሎ አነሣዋለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እዚያው ቤት ስገባ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

«በእግዚአብሔር» ከማለቴ በፊት ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።